ሽንኩርት የያዘ እጅና ክራር የያዘ እጅ

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ኮንፍራንስ ወይም ሠርግ ሲደርስ ከሁሉ በፊት የሚጀመረው ሥራ ሽንኩርት መክተፍ ነው። ሽንኩርት በቀወት ወረዳ በመስኖ የሚመረት በመሆኑ በጆንያ ይመጣል፤ ወጣቶችም ከብበው ተቀምጠው ይልጣሉ፣ ይከትፋሉ። ብዙውን ጊዜ እነዚሁ ወጣቶች ናቸው በነጋታው ክራር የሚመቱት፣ ጊታር የሚጫወቱት፣ ኪቦርድ ላይ የሚቀመጡት። በዚህ መካከል ቢላ ያመልጣል፤ ጣት ይቆረጣል። “ትንሽ ነው፣ ይድናል” ተብሎ በጨርቅ ይታሰራል። ከሁለት ወር በኋላ ግን ቁስሉ ድኖ ጣቱ አልታጠፍ ይላል።

ይህ ጽሑፍ የሐኪምን ቦታ ለመውሰድ የተጻፈ አይደለም። ዓላማው አንድ ነው፤ በጣት ላይ የደረሰ ጉዳት ወደ ሙዚቃ መሣሪያ መመለስ ይቻል ወይም አይቻል እንደሆነ የሚወሰነው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደሆነ ለማስረዳት ነው።

የሚጎዳው የትኛው እጅ ነው?

ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ቢላውን በቀኙ፣ ሽንኩርቱን በግራው ይይዛል። ስለዚህ ያመለጠ ቢላ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ የግራ እጅን፣ በተለይም አውራ ጣትንና ጠቋሚ ጣትን ነው። አሁን መሣሪያዎቻችንን እንመልከት። ጊታር የሚጫወት ሰው ክሮቹን የሚጫነው በግራ እጁ የጣት ጫፎች ነው። ክራር በመምቻ ሲመታ ቀኝ እጅ ክሮቹን በአንድነት ይጠርጋል፤ የማይፈለገውን ድምፅ እየያዙ ዜማውን የሚለዩት ግን የግራ እጅ ጣቶች ናቸው። ባለ አንድ ክሩ መሰንቆም ዜማው የሚለወጠው በግራ እጅ ጣቶች ነው። አሥር አውታር ያለው በገናም በተለመደው አያያዝ የሚደረደረው በግራ እጅ ጣቶች ነው። እንግዲህ ወጥ ቤት ውስጥ ለአደጋ የተጋለጠው እጅና ለዜማ የሚያስፈልገው እጅ አንድ ሆኖ ይገኛል።

በቆዳው ሥር ያለው

ጣትን የሚያጥፉት ዋና ዋና ጡንቻዎች ያሉት በጣት ውስጥ ሳይሆን በክንድ ውስጥ ነው። የቀኝ እጃችሁን ከግራ ክርናችሁ በታች አድርጋችሁ የግራ ጣቶቻችሁን ብታንቀሳቅሱ ጡንቻው ሲሠራ ይሰማችኋል። ኃይሉን ከክንድ ወደ ጣት የሚያደርሰው ጅማት ነው፤ የብስክሌት ፍሬን በመሪው ላይ ሲጨበጥ ጎማውን የሚይዘው በሽቦ አማካይነት እንደሆነ ማለት ነው። ከአውራ ጣት በቀር እያንዳንዱ ጣት በመዳፍ በኩል ሁለት የሚያጥፉ ጅማቶች አሉት። ግራና ቀኙን ደግሞ ስሜት የሚያመጡ ሁለት ነርቮች ከደም ሥር ጋር ይሄዳሉ። ይህ ሁሉ ያለው ከቆዳው ሥር በጥቂት ሚሊ ሜትር ጥልቀት ነው።

ከመዳፍ ላይኛው መስመር እስከ ጣቱ መካከል ባለው ክፍል ሁለቱ ጅማቶች በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ያልፋሉ። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን የተጓዘ ሰው ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራውን የጣርማ በር ዋሻ ያውቀዋል። በዚያ ውስጥ አንድ ከባድ መኪና ቢቆም የኋላው ሁሉ ይቆማል። በጣትም እንዲሁ ነው። ጅማቱ ተቆርጦ ሲድን ከመተላለፊያው ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ ጣቱ መንቀሳቀስ ያቅተዋል። በዚህ ቦታ የደረሰ ቁርጥ ልምድ ያለው ሐኪም የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያው ሰዓት ምን እናድርግ?

1. ቁስሉን በንጹሕ ውኃ በደንብ ማጠብ።

2. ንጹሕ ጨርቅ ወይም ፋሻ ቁስሉ ላይ አድርጎ እጅን ከልብ ከፍታ በላይ በማንሣት ለአሥር ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ መጫን። “ቆሟል ወይ?” እያሉ በየጊዜው መክፈት ደሙ እንደገና እንዲፈስ ያደርጋል።

3. ቀለበት ካለ እጅ ከማበጡ በፊት ማውለቅ።

4. የተፈጨ ቡና፣ ትምባሆ፣ አመድ፣ ቅቤ ወይም ሌላ ነገር አለመነስነስና አለመቀባት። ደሙን ያቆሙ ቢመስሉም ቁስሉን ያቆሽሻሉ፤ ሐኪሙም ውስጡን ለማየት ይቸገራል።

5. የጣት ጫፍ ተቆርጦ ከወደቀ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ መጠቅለል፣ በፕላስቲክ ከረጢት ማሰር፣ ከዚያም ከረጢቱን በረዶ ያለበት ሌላ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥና ከተጎዳው ሰው ጋር በፍጥነት መላክ። በረዶው የተቆረጠውን ክፍል በቀጥታ መንካት የለበትም።

6. የመንጋጋ ቆልፍ (የቴታነስ) ክትባት መጠየቅ። እናቶች በእርግዝና ጊዜ ይከተባሉ፤ ብዙ ወንዶች ግን ካደጉ በኋላ ተከትበው አያውቁም።

ትንሽ ቁስል ወይስ ትልቅ?

የቁስሉ ስፋት አያታልላችሁ። በቢላ ጫፍ የተወጋ ትንሽ ቀዳዳ ጅማት ሊቆርጥ ይችላል። ደሙ ከቆመ በኋላ በቀስታ እነዚህን ተመልከቱ። እጁ ዘና ብሎ ሲቀመጥ ሌሎቹ ጣቶች ትንሽ ጎበጥ ብለው አንዱ ብቻ ቀጥ ብሎ ቀርቷል? የመካከለኛው መገጣጠሚያ ሲያዝለት የጣቱን ጫፍ ብቻውን ማጠፍ ይችላል? መልሶ መዘርጋትስ? የጣቱ ግራና ቀኝ በጥጥ ሲነካ እኩል ይሰማዋል? ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ፣ ወይም ሲያጥፍ ብርቱ ሕመም ከተሰማው፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። በከፊል የተቆረጠ ጅማት ዛሬ ይታጠፍና ከቀናት በኋላ ሊበጠስ ይችላልና።

እዚያም ሲደርስ “ሙዚቃ መሣሪያ እጫወታለሁ፤ ጅማቴንና ነርቬን እዩልኝ” ብሎ መናገር ይገባዋል። ቆዳው ተሰፍቶ የውስጡ ሳይታይ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ከፍ ወዳለ ሆስፒታል፣ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ቢላክ “ሩቅ ነው” ብሎ መቅረት አይገባም። የተቆረጠ ጅማት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢሰፋ ውጤቱ የተሻለ ነው። ሳምንታት ሲያልፉ ጅማቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ጡንቻውም ያጥራል። ያን ጊዜ ከሌላ ቦታ ጅማት ወስዶ መተካትና ከአንድ በላይ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል።

በአካባቢያችን ወደ ወጌሻ መሄድ የተለመደ ነው። ነገር ግን የተቆረጠ ጅማት በመታሸት አይቀጠልም፤ የሚያልፈውም ቀን አይመለስም። “ጸልየንለታል፣ እንጠብቅ” ለሚሉም እንዲህ እላለሁ፤ ወደ ሐኪም እየሄዱ መጸለይ ይቻላል። ሐዋርያው ጳውሎስ አብሮት ያገለገለውን ሉቃስን የጠራው በሐኪምነቱ ነው።

የእሳትና የእንፋሎት ጉዳት

ምጣድ፣ የፈላ ዘይትና አክንባሎ ሲነሣ የሚወጣ እንፋሎት ከቢላ ያልተናነሰ ጉዳት ያደርሳሉ። የተቃጠለ ጣት ለ20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ውኃ እየፈሰሰበት መቆየት አለበት። ቧንቧ ከሌለ በኩባያ ማፍሰስ ይቻላል፤ በቆላው ሙቀት ግን ፀሐይ ላይ የዋለ የጄሪካን ውኃ ሳይሆን ጥላ ሥር የተቀመጠውን ተጠቀሙ። በረዶ በቀጥታ አታድርጉበት፤ የጥርስ ሳሙናና ቅቤም አትቀቡት። ውኃ የቋጠረውንም አታፍርጡት። መገጣጠሚያ ላይ የደረሰ ወይም ነጭ ሆኖ የማያም ቃጠሎ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ጠባሳው ሲኮማተር ጣቱን አጉብጦ ያስቀራልና። በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎ ሕክምና የታወቀ ነው።

ካልተጠነቀቁለት ጭረትም ይበቃል

ሙሪ ፔራያ የተባለው ታዋቂ የፒያኖ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1990 ቀኝ አውራ ጣቱ ላይ ትንሽ ቁርጥ ደረሰበት፤ ቁስሉም አመረቀዘ። ቆይቶም በእጁ አጥንት ላይ ችግር ተገኝቶ ለዓመታት ከመድረክ ርቆ ነበር። በዚያ ጊዜ የባኽን ሥራዎች በማጥናት ተጽናና፤ በኋላም ተመልሶ ተጫወተ። ስለዚህ ጣቱ በሙሉ ካበጠ፣ ጎብጦ ከቀረና ሊዘረጉት ሲሞክሩ ብርቱ ሕመም ካለ ማደር አያስፈልግም። ይህ መግል ወደ ጅማቱ መተላለፊያ መግባቱን ሊያመለክት ይችላል፤ ጅማቱንም በአጭር ጊዜ ያበላሸዋል።

የደነዘዘ ጣትና የሕመም ስጦታ

የተቆረጠ ነርቭ በሐኪም ቢሰፋም የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጣቱ ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል። በዚህ ወቅት ያ ጣት ትኩስ ድስት ነክቶ ሳያውቀው ይቃጠላል።

ይህን ጉዳይ በሚገባ ያስተማረን ፖል ብራንድ ነው። ብራንድ ከሚሲዮናውያን ወላጆች ሕንድ አገር የተወለደ ክርስቲያን ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቬሎር የሥጋ ደዌ ሕሙማንን እጅ በቀዶ ሕክምና ያቃና ጀመር፤ የሚሠራ ጅማት ወስዶ ሽባ የሆነውን ጣት ያንቀሳቅስ ነበር። የሕሙማኑ ጣቶች የሚያጥሩት ሥጋቸው በራሱ ስለሚበሰብስ ሳይሆን ሕመም ስለማይሰማቸው በእሳትና በስለት እየተጎዱ እንደሆነ አሳየ። ከፊሊፕ ያንሲ ጋር በጻፈው መጽሐፍም ሕመምን ስጦታ ብሎታል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1965 የአፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምና ማሠልጠኛ ሆኖ በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ የተቋቋመው አለርት ከዚሁ ሥራ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። ስሜቱ ያልተመለሰ ጣት ያለው ወገን እንግዲህ ከምድጃ ይራቅ፤ ጣቱንም በየቀኑ በዓይኑ ይመርምር።

የቤተ ክርስቲያን ድርሻ

ጅማቱ የተሰፋለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለስድስት ሳምንት ያህል መደገፊያ ያደርጋል፤ ሙሉ ኃይሉን ለመጠቀምም ሦስት ወር ያህል ይጠብቃል። ሐኪሙ ያዘዘውን እንቅስቃሴ በየቀኑ ይሠራል፤ ከታዘዘው በላይ ግን አይሠራም። ችግሩ ያለው ከዚህ ላይ ነው። በብዙ አጥቢያዎች ኪቦርድ ወይም ክራር የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። በዓል ሲደርስ “ለዛሬ ብቻ” ይባላል፤ ወንድምም ይሉኝታ ይዞት መደገፊያውን ይፈታል። የተሰፋው ጅማት በአንድ መዝሙር ሊበጠስ ይችላል። ሽማግሌዎች “ሐኪም እስኪፈቅድ አትጫወትም” ብለው ሸክሙን ሊያነሡለት ይገባል። ደግሞም ለአንድ መሣሪያ ሁለት ሰው ማሠልጠን ቅንጦት አይደለም።

በዝምታው ወቅትም ሰውየው አይረሳ። ሊዮን ፍላይሸር እ.ኤ.አ. በ1964 ገደማ በሕመም ምክንያት የቀኝ እጁን ጣቶች ማዘዝ ሲያቅተው በግራ እጅ ብቻ የሚጫወቱ ሥራዎችን አጠና፣ ኦርኬስትራ መራ፣ ተማሪዎችን አስተማረ። በሁለት እጁ መጫወት የቻለው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ጃንጎ ሬይንሃርትም እ.ኤ.አ. በ1928 በእሳት አደጋ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተጎድተውበት በቀሩት ጣቶች አዲስ የጊታር አጨዋወት አገኘ። ጣቱ የታሰረ ወገናችንም ታናናሾቹን ማስተማር፣ መሣሪያ መቃኘት፣ ዜማ መድረስ ይችላል።

ቢላ ከማንሣታችን በፊት

ክራር የሚመታ ወንድም ሽንኩርት አይክተፍ፣ ሥራው ለእናቶችና ለእኅቶች ይተው ማለቴ ፈጽሞ አይደለም። እኅቶችም ይጫወታሉ፤ ጣትም የሁሉም ነው። ይልቅ ሽንኩርቱን በእጅ ይዞ ወደ ራስ ከመክተፍ መክተፊያ ላይ እንክተፍ። መጀመሪያ ለሁለት ከፍለን ጠፍጣፋውን ጎን ወደ ታች እናስቀምጠው። የያዘውን እጅ ጣቶች ጫፋቸውን ወደ ውስጥ አጥፈን እንያዝ። ከመክተፊያው ሥር እርጥብ ጨርቅ ብናደርግ አይንሸራተትም። ደነዝ ቢላ ኃይል ስለሚፈልግ ያመልጣል፤ የተሳለው ይሻላል። ቢላን የሳሙና ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ጥለን አንሂድ።

ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 ላይ የአንዱ ብልት ሕመም የአካሉ ሁሉ ሕመም መሆኑን ያስተምራል። የአንድ ወጣት ጣት ሲቆረጥ ይህን ትምህርት በተግባር የምናሳየው በመኪና ኪራይ፣ በሐኪም ወጪና በትዕግሥት ነው። እጃችሁን ጌታ ይጠብቅ፤ እናንተም ጠብቁት።