ሥሩ የተራቆተ ጥርስ

ክረምት ሲበረታ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል። ደለሉ ለወረታ ከተማ አካባቢ ገበሬ ሩዝ ያበቅላል፤ ጎርፉ ግን የወንዙን ዳር እየሸረሸረ ይወስዳል። ዳር ላይ የበቀለ ዛፍ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ሥሩ ይራቆትና አንድ ቀን ይጋደማል።

የድድ በሽታም ጥርስን የሚጥለው እንዲሁ ነው። በጥርስና በድድ መካከል የሚከማች ባክቴሪያ ድዱን ያስቆጣዋል፤ ቆሻሻው ሲቆይ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ጥርሱን ያቀፈው አጥንትም ቀስ በቀስ ይበላል። ብዙ ጊዜ ስለማያም ሰው የሚደነግጠው ጥርሱ ሲነቃነቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት በከባድ የድድ በሽታ የተያዙትን ወደ 1 ቢሊዮን ገምቷቸዋል።

የሄደው አጥንት ይመለሳል? በከፊል፣ ቦታው ከተመቸ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የድድ ቆዳ ፈጥኖ ባዶውን ቦታ ይይዛል፤ አጥንት ዘገምተኛ ነው። አረም ቀድሞ የያዘው ማሳ ሩዝ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ1982 የድድ ሐኪሙ ስቱሬ ኒማንና ባልደረቦቹ በድዱና በጥርሱ ሥር መካከል ስስ መጋረጃ አኑረው ለዘገምተኛው ጊዜ ሰጡት። ቆይቶም ከበሬ አጥንት የተዘጋጀ መሙያና ከአሳማ ግልገል ጥርስ የሚወጣ ፕሮቲን መጡ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአብዛኛው አሳማ በማይበላበት አገር፣ መድኃኒቱ ከምን እንደተሠራ ሐኪሙ አስቀድሞ ሊነግር፣ ታካሚውም ሊጠይቅ ይገባል።

አጥንት የመመለሱ ሕክምና የሚሠራው በጥርሱ ጎን እንደ ቦይ ጠልቆ ለተቦረቦረ አጥንት ነው፤ ግራና ቀኙ የቆመ ቦይ አፈር ይይዛልና። አጥንቱ ዙሪያውን እኩል ከወረደ ግን የሚሞላ ጉድጓድ የለም። ድዱ ሳይጸዳ፣ ሲጋራው ሳይቆም፣ የስኳር ሕመሙ ሳይገራ የተሞላው ሁሉ በጎርፍ መሐል የተደፋ አፈር ነው።

ስለዚህ ለወረታ ሰው አስቀድሞ የሚያስፈልገው ውዱ መሙያ አይደለም። ባለ ሚሊሜትር ምልክት ቀጭን መለኪያ በድዱ ጠርዝ ሲገባ ጤነኛ ድድ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ላይ ያቆመዋል፤ 6 ከደረሰ አብዛኛውን ጊዜ አጥንቱ እየሄደ ነው። ይህን የሚለካና ጥርስ የሚያጥብ ባለሙያ በቅርብ ይኑር፤ የባሰበትም ሐኪሞች ወደሚሠለጥኑበት ወደ ጎንደር ይላክ። የተነቃነቀ ጥርስ ሁሉ በጉጠት እንዲነቀል መፍረድ ግን ይብቃ።

መፋቂያዎ ላይ ደም ካዩ ጥርሱ እስኪነቃነቅ አይጠብቁ። ደሙ በሚታይበት ጊዜ ዳሩ ገና አልተናደ ይሆናል።