መጽሐፍ ለሰጡ ሰዎች የአንድ መምህር ምስጋና

ሰው ለሰው ከሚሰጠው ስጦታ ሁሉ የመጽሐፍ ስጦታ የተለየ ጠባይ አለው። እንጀራ የተሰጠው ሰው ጠግቦ ይታያል፤ ልብስ የተሰጠውም ሰው ብርዱ ርቆለት ይታያል፤ ስለዚህ ሰጪው የስጦታውን ጥቅም ወዲያውኑ በዓይኑ አይቶ ደስ ይለዋል። መጽሐፍ የሰጠ ሰው ግን የስጦታውን ፍሬ ሳያይ ብዙ ዘመን ሊያልፍ ይችላል። እንግዲህ ለትምህርት ቤት መጽሐፍና የጽሕፈት መሣሪያ የሰጠ ሰው በምን ዓይነት ይመሰገናል? የተቀበለውስ መምህር ምስጋናውን በምን ቃል ያቀርባል? ይህ ጥያቄ ልጆች ላሉት ቤተ ሰብ ሁሉ የሚገባ ስለ ሆነ፥ እኛ ራሳችን በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ያየነውንና የሰማነውን ከዚህ ቀጥለን እንተርካለን።

የትምህርት ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ እርሱን የሚመስሉ ብዙዎች ናቸውና። የዓመቱ ትምህርት በሚፈጸምበት ቀን፥ ለልጆቹ መጽሐፍ፥ ደብተርና እርሳስ ያዋጡ ሰዎች እንዲመሰገኑ ዳስ ተጥሎ ስብሰባ ተደርጎ ነበር። ከአዋጪዎቹም አንዳንዶቹ በዚያው ትምህርት ቤት ተምረው በከተማ ሥራ የያዙ፥ አንዳንዶቹ የገበያው ነጋዴዎች ነበሩ፤ ከፊት ወንበር ላይ ደግሞ አንዲት በዕድሜ የገፉ ወይዘሮ ከዘራቸውን ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። በእንደዚህ ያለ ቀን የሚደረገው ሁሉ የታወቀ ነው፤ የሰጪዎች ስም በየተራ ይነበባል፥ ይጨበጨባል፥ ፎቶግራፍ ይነሣል፥ ከዚያም ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ይሄዳል። እኛም የምንጠብቀው ይህንኑ ነበር።

መምህሩ ግን ከመናገራቸው አስቀድሞ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ጠረጴዛ አስመጡ። ጨርቁን ባነሡት ጊዜ ሁለት የመጽሐፍ ክምር ታየ። በቀኝ በኩል ያለው ክምር ልባሱ ንጹሕ፥ ጠርዙ ያልታጠፈ፥ ገና ከማተሚያ ቤት የወጣ የሚመስል ነበር። በግራ ያለው ግን ጥጉ የተቀደደ፥ በካኪ ወረቀት ተለብዶ እንደ ገና የተለበደ፥ በዱቄት ሙጫ የተጠገነ፥ አንዳንዱም በጭስ የጠቆረ ነበር። በዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ግራው ክምር እየተመለከተ በልቡ መፍረዱ ከፊቱ ይታወቅ ነበር።

መምህሩም እንዲህ ሲሉ ተናገሩ፤ «ክቡራን አባቶቼ፥ እናቶቼና ወንድሞቼ! እነዚህ ሁለቱም የእናንተ ስጦታዎች ናቸው። የመጀመሪያውን በተረከብሁ ጊዜ በርክክቡ ወረቀት ላይ የጠፋውን ወይም የተበላሸውን መምህሩ ከደመወዙ ይከፍላል የሚል ቃል ነበረበት። እኔም ፈርሜ ተረከብሁ፤ ከፈረምሁም በኋላ ፈራሁ። መጽሐፎቹን በሣጥን ቆልፌ ቁልፉን በኪሴ ያዝሁ። ትምህርቱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፥ ልጆቹም እያዩ ይገለብጣሉ። እንግዳ ሲመጣ ሣጥኑን ከፍቼ አሳየው ነበር፤ ንጽሕናቸውንም አይቶ ያመሰግነኝ ነበር። በሁለተኛው ክረምት ማለፊያ ሣጥኑን ብከፍተው ግን ምስጥ ከወለሉ ገብቶ አገኘሁት። ልባሱ እንዳለ ነው፤ ውስጡ አፈር ሆኗል።»

ይህን ብለው ከቀኙ ክምር አንዱን መጽሐፍ ገልጠው ቢያራግፉት ከውስጡ አፈርና የወረቀት ብናኝ ፈሰሰ። ሰውም ሁሉ ዝም አለ።

«ያን ጊዜ» አሉ መምህሩ፥ «የሥራ ባልደረባዬ፥ መጽሐፎቹ በመልካም አገልግሎት ላይ ናቸው ብለህ ጻፍላቸው፥ ማን መጥቶ ያያል ሲል መከረኝ። እኔም እንዲሁ ልጽፍ ብዕሬን አንሥቼ ነበር። ነገር ግን ልጆቹን በየቀኑ እውነት ተናገሩ እያልሁ የማስተምር ሰው፥ ስለ ልጆቹ መጽሐፍ ሐሰት ብጽፍ ማስተማሬ ምን ይረባል ብዬ የሆነውን ሁሉ ጻፍሁላችሁ። መልሳችሁን ስጠብቅ የነበረብኝን ፍርሃት አልነግራችሁም። እናንተ ግን ሁለተኛ መጽሐፍ ላካችሁልኝ፤ ከመጽሐፉም ጋራ አንድ ቃል ብቻ ነበረበት፤ ይኸውም ይህን አትቆልፍ የሚል ነው።»

ከዚህ በኋላ ወደ ግራው ክምር ዞረው እያንዳንዱን እያነሡ ታሪኩን ተናገሩ። መጽሐፎቹ ለሁለት ልጅ አንድ ሆነው ተከፋፈሉ፤ ስማቸው በመዝገብ ተጻፈ፤ አንዱ ዛሬ ወደ ቤቱ ቢወስድ ሁለተኛው ነገ ይወስዳል። በጭስ የጠቆረው መጽሐፍ የአንዲት ልጅ ነው። እናቷ ማንበብ የማይችሉ ስለ ሆኑ፥ ማታ እንጀራ ሲጋግሩ ልጅቱ ከምድጃው ዳር ተቀምጣ በእሳቱ ብርሃን ታነብላቸው ነበር። የሌላው መጽሐፍ አንድ ቅጠል ጐድሏል፤ የኢትዮጵያ ካርታ ያለበት ነው። የወሰደው ልጅ ቀድዶ በቤታቸው ግድግዳ ላይ ለጥፎት ተገኘ። «ስለ መቅደዱ ተቈጣሁት» አሉ መምህሩ፤ «ነገር ግን አባቱ ያን ካርታ እያዩ የተወለዱበት አገር የቱ ጋራ እንደ ሆነ እንዲያሳያቸው ልጁን በየማታው እንደሚጠይቁት በሰማሁ ጊዜ ቍጣዬ በረደ። አንዱ መጽሐፍ ልጁ ወንዝ ሲሻገር ወድቆ በውሃ ተወሰደ፤ ሁለቱ የት እንደ ደረሱ አልታወቀም። ይህንንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።»

በመጨረሻም እጃቸውን በሁለቱ ክምሮች ላይ አድርገው፥ «እንግዲህ ሁለቱም ስጦታዎቻችሁ አልቀዋል። የመጀመሪያውን ምስጥ በላው፤ ሁለተኛውን ልጆች በሉት። ለመጀመሪያው ይቅርታ እለምናለሁ፤ ለሁለተኛው አመሰግናለሁ» ብለው ተቀመጡ።

ያን ጊዜ ወይዘሮዋ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡና፥ «ልጄ፥ እኔ ፊደል አልቈጠርሁም። የአባቴ ዳዊት ግን በቤቴ አለ። የቅጠሉ ጥግ ሁሉ በእጁ ወዝ ጠቁሯል። ያን ጥቁረት ባየሁ ቍጥር አባቴን ያየሁ ይመስለኛል። የልጆቹም መጽሐፍ እንዲሁ ይጥቈር፤ አትፍራ» አሉ። ከዚያም አዋጪዎቹ እዚያው ተመካክረው፥ በንባብ ያረጀ መጽሐፍ በመምህሩ ዕዳ እንዳይቈጠር፥ በየዓመቱም ያረጀውን የሚተካ መዋጮ እንዲደረግ ተስማሙ። ፎቶግራፉም ተነሣ፤ ነገር ግን በጠረጴዛው ላይ የነበረው የግራው ክምር ብቻ ነበር።

እኛም ወደ ቤታችን ስንመለስ ወይዘሮዋ የተናገሩት ቃል በልባችን ቀረ። በእውነቱ ለትምህርት መስጠትና የተሰጠውንም በሥራ ማዋል በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አንድ ዳዊት በብራና ለማዘጋጀት የብዙ ፍየል ቈዳ ተፍቆ፥ ቀለም ተበጥብጦ፥ ጸሐፊው ብዙ ወራት ይደክም ነበር። ይህን ያህል የተደከመበት መጽሐፍ ግን ማኅደር ተሠርቶለት በትከሻ የሚንጠለጠል፥ በመንገድም በቤትም የሚነበብ ነበር እንጂ ተቈልፎ የሚቀመጥ አልነበረም። የቆሎ ተማሪም ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየደጁ ሲቆም፥ ቍራሽ የሰጠችው እመቤት ሁሉ ለትምህርት የሰጠች ናት። ስሟ በየትኛውም መዝገብ ባይጻፍም፥ ከእነዚያ ተማሪዎች መካከል የወጡት ሊቃውንት የእርሷ ምስጋና ናቸው።

ዘመናዊው ትምህርት ሲጀመርም ነገሩ በስጦታ ቆመ። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ተከፈተ፤ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን በራሳቸው ገንዘብ ያሠሩት ትምህርት ቤት ሥራውን ጀመረ፤ የበላይ ተቈጣጣሪውም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። ከዚህም አስቀድሞ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1894፥ ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ያዘጋጁት የኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ፥ በስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ታትሞ ነበር። የሚሲዮኑ ሥራ በስዊድን አገር ምእመናን መዋጮ የሚካሄድ ስለ ሆነ፥ ከሰጪዎቹ ብዙዎቹ መጽሐፉን የሚያነበውን ልጅ ፊት ሳያዩ ሰጡ ማለት ነው።

በቅርቡ ዘመንም ምሳሌ አለን። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በነጌሌ ቦረና ተወልደው፥ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ሌላ ለራሱ ደስታ የሚነበብ መጽሐፍ መጀመሪያ ያገኙት በ19 ዓመታቸው ነበር። በስደት ወደ አሜሪካ ሄደው በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ፥ በዚያ ካሉት የልዩ ልዩ አገር መጻሕፍት መካከል በአማርኛ የተጻፈ የሕፃናት መጽሐፍ ባለመኖሩ አዘኑ። ስለዚህ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. ከዚያው ቤተ መጻሕፍት የተለገሱ 15,000 መጻሕፍት ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በሚከተለውም ዓመት በአዲስ አበባ በሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ኋላም በአዋሳ መጽሐፍ የተጫነ ጋሪ በአህያ እየተሳበ ወደ ልጆቹ ሰፈር እንዲሄድ አደረጉ። አንባቢ ሆይ፥ ልብ በል፤ ጋሪ ላይ የተጫነ መጽሐፍ አቧራና ፀሐይ ያገኘዋል። ነገር ግን ልጁ ወደ መጽሐፉ መምጣት ባይችል መጽሐፉ ወደ ልጁ ይሄድ ዘንድ ግድ ነው።

በአሜሪካም ቻርልስ ቤስት የተባለ በብሮንክስ የታሪክ መምህር የነበረ ሰው፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. መምህራን ለክፍላቸው የጐደለውን የሚያስታውቁበት ዶነርስ ቹዝ የተባለ ማኅበር አቋቁሟል። የሥራው አካሄድ እንዲህ ነው። መምህሩ የሚያስፈልገውን ዕቃ በዝርዝር ይጽፋል፤ ሰጪው ደስ ያለውን መርጦ ይረዳል፤ ማኅበሩ ገንዘቡን በእጅ ሳይሰጥ ዕቃውን ገዝቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ይልካል። በኋላም መምህሩ ስጦታው ለምን እንደ ዋለ ጽፎ ከፎቶግራፍ ጋራ ለሰጪዎቹ ያሳውቃል፤ ልጆቹም አንዳንድ ጊዜ የምስጋና ደብዳቤ ይጽፋሉ። ከዚህ የምንማረው ምስጋናና የሥራ መግለጫ ሳይለያዩ ሊቀርቡ እንደሚገባ ነው። ውዳሴ ብቻ ያለበት ምስጋና ሰጪውን ለአንድ ቀን ደስ ያሰኘዋል፤ የሆነውን በእውነት የሚገልጥ ምስጋና ግን ሁለተኛ ለመስጠት ያዘጋጀዋል።

እንግዲህ በየቤታችን ልናደርገው የሚገባንን በአጭሩ እናሳስባለን። መጀመሪያ፥ ለትምህርት ቤት ለመስጠት የሚያስብ ሰው ከመግዛቱ አስቀድሞ መምህሩን ምን ጐደለዎ ብሎ ይጠይቅ። በአንዳንድ ቦታ ከትልቅ መጽሐፍ ይልቅ አንድ ሣጥን ጠመኔ ያስፈልጋል፤ አንድ እርሳስ ለሁለት ተቈርጦ ሁለት ልጆች የሚጽፉበት ክፍል አለና። የልጆቹ ቋንቋና ዕድሜ ያልታሰበበት መጽሐፍም ለምስጥ ከመሆን በቀር አይረባም። ሁለተኛ፥ መምህሩ ስለ ስጦታው በዕዳ የሚያዝ ከሆነ ስጦታው ሸክም ይሆንበታል፤ ስለዚህ ሰጪው ከመጽሐፉ ጋራ የመገልገል ፈቃድንም ይስጥ። ሦስተኛ፥ የቤቱ ልጆች ራሳቸው የጨረሱትን መጽሐፍ ለሌላ ልጅ መስጠትን ይልመዱ፤ ነገር ግን የሚሰጡት የሚነበበውን እንጂ የሚጣለውን አይሁን። አራተኛ፥ አቅሜ ትንሽ ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን የአባቶችን ምሳሌ ያስብ።

መምህራንም ስለ ስጦታ ሲጽፉ የሆነውን ሁሉ፥ የጠፋውንም ጭምር ለመጻፍ አይፈሩ። ያ መምህር ምስጡን ሸሽጎ ቢሆን ኖሮ፥ ልጅቱ በምድጃ ዳር ለእናቷ የምታነብበት መጽሐፍ ባልመጣ ነበር።

ክቡራንና ክቡራት አንባቢዎቻችን፥ ዛሬ ማታ በቤታችሁ ከአባቶቻችሁ የቀረ ዳዊት ወይም ሌላ አሮጌ መጽሐፍ ቢኖር አውጥታችሁ የቅጠሉን ጥግ ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው። ያ በእጅ ወዝ የጠቆረ ጥግ፥ መጽሐፉን ላጻፈው ሰው አንባቢዎቹ የጻፉለት ምስጋና ነው።