የበጎ ፈቃድ አገልጋዮች መሪ ብቻውን እንዳይቀር

በአንድ ሰፈር ሐዘን የደረሰ እንደ ሆነ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ በማለዳ ተነሥቶ ሰፈሩን ያዳርሳል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ አግዳሚ ወንበሩና ብርጭቆው ከዕድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል። ይህን ሁሉ የሚያስተባብሩት ዳኛው፥ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ለዚህ አገልግሎት ደመወዝ የማይቀበሉ ጎረቤቶች ናቸው። እኛም ስለ መጸዳጃ ጉድጓድና ስለ እጅ መታጠብ ለማስተማር በተነሣን ጊዜ በቅድሚያ የሄድነው ወደ እነዚሁ መሪዎች ነው፤ ሕዝቡ የሚሰማው እነርሱን ነውና።

ነገር ግን አያያዛችን ጉድለት እንደ ነበረበት መናገር ይገባናል። በአንድ ወረዳ ከየዕድሩ 2 ሰው ጠርተን 3 ቀን አሠለጠንን። ባሕር ማዶ ተምረን የመጣን ሰዎች ስለ ሆንን ስለ ተሕዋስያን ብዙ ተናገርን፤ በሰሌዳው ላይ የዝንብን እግር እንኳ ሳናስቀር ሣልን። ከዚያም የምስክር ወረቀት ሰጥተን፥ አጨብጭበን ተለያየን። ከ6 ወር በኋላ ብንመለስ ሥራው በአብዛኛው ቆሞ አገኘነው። የሴቶች ዕድር መሪ የሆኑ አንዲት ባልቴት «ልጄ፥ 3 ቀን አስተማራችሁን፤ ከዚያ ወዲህ እንዴት ሰነበታችሁ ያለን የለም» አሉን።

ለጉድጓዶቹ የሲሚንቶ ንጣፍ ይመጣል ብለን ነበር፤ አልመጣም። ጎረቤቶቻቸውን ያስቆፈሩት እርሳቸው ስለ ሆኑ ወቀሳው ሁሉ በእርሳቸው ላይ ወረደ፤ በክረምቱም 2 ጉድጓዶች ተደረመሱ። ለስብሰባው የሚሆነውን ቡናና ሳሙና ደግሞ ከመቀነታቸው እየፈቱ ይገዙ ኖረዋል።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በየቀበሌው መመደብ የጀመሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አንድ ዓመት ያህል ተምረው በደመወዝ የተቀጠሩ ነበሩ። በ2003 ዓ.ም. ገደማ የሴቶች ልማት ሠራዊት ሲዘረጋ ግን 30 ያህል ቤተ ሰብ የምታስተባብረው መሪ ያለ ደመወዝ የምትሠራ ጎረቤት ነበረች። ከእንዲህ ያለች ሴት የደመወዝተኛን ሥራ እየጠበቁ የደመወዝተኛን ድጋፍ መንፈግ ፍርደ ገምድልነት ነው።

አሁን የምንከተለው ሥርዓት ሌላ ነው። ሥልጠናው በአዝመራ ወራትና በገበያ ቀን አይደረግም፤ ከግማሽ ቀንም አይበልጥም። ንግግሩን አሳጥረን ጊዜውን ለልምምድ ሰጥተነዋል፤ ከመሪዎቹ አንዱ እምቢተኛ አባወራ ይሆናል፥ ሌላው በሩን ያንኳኳል። በአንዱ ልምምድ እምቢተኛው «አያቶቻችን ሜዳ ወጥተው ኖረዋል፤ ምን ሆኑ?» አለ። ከእኛ ወገን አንዱ ስለ ተሕዋስያን ሊመልስ አፉን ሲከፍት አንድ ሽማግሌ የዕድር ዳኛ ቀደሙትና «ልክ ብለሃል፤ ግን ክረምት ሲገባ ከዚያ ሜዳ የሚወርደው ጎርፍ ወዴት ይገባል?» ሲሉ ጠየቁ። ወደ ምንጩ እንደሚገባ የማያውቅ አልነበረም፤ ቤቱ ጸጥ አለ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከመጻሕፍታችን አላገኘነውም።

ከሥልጠናውም በኋላ አንድ የታወቀ የጤና ሠራተኛ በየወሩ መሪውን ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ ብሎ ሳይሆን ምን አስቸገረህ ብሎ ነው። ለሳሙናና ለደብተር የሚሆነው ወጪ ከእኛ ይሆናል። እጃችን ያልገባውን ዕቃ ተስፋ አንሰጥም። ለእያንዳንዱ መሪ ምክትል ይመረጣል፤ የደከመውም ያለ ነቀፋ ተመርቆ ይሰናበታል።

ባልቴቷ ወደ ሥራው ለመመለስ እሺ ያሉት የሲሚንቶው ንጣፍ በግቢያቸው ሲራገፍ ቆመው ከቈጠሩ በኋላ ነው። አንዱ ተሰንጥቆ ስለ ነበር እርሱን መልሰው አስጫኑት።