ተጨማሪ መረጃ፦ መሪው ሲላላ
ሞተሩን አስነስተው፣ የፊት ጎማዎቹን ቀጥ አድርገው መሪውን በቀስታ ግራና ቀኝ ያንቀሳቅሱ። ጎማው ሳይነቃነቅ መሪው ባዶውን የሚሄደው ርቀት በብዙ የቶዮታ የጥገና መመሪያዎች ከ30 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም።

ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው የመሪውን ሳጥን ነው፤ ጥፋተኛው ግን ብዙ ጊዜ ቴስቲናው (የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያያይዘው መጋጠሚያ) ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ መኪናው መሬት ላይ እንደቆመ አንድ ሰው መሪውን ያወዛውዝ፤ ሌላው ቴስቲናው ላይ እጁን ያሳርፍ። ካለቀ ቀጭ ቀጭ ማለቱ መዳፍ ላይ ይሰማል። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ (መደገፊያ ማስገባት የግድ ነው!) ጎማው የሚነቃነቀው ከላይና ከታች ሲያዝ ከሆነ ግን ኩሽኔታውን ወይም ቦል ጆይንቱን መጠርጠር ነው።

ቴስቲና መቀየር ቤትም ይሠራል። አሮጌው ሲፈታ ስንት ዙር እንደዞረ ይቆጠራል፤ አዲሱም ያንኑ ያህል ይገባል። ኮፒሊያውም (የዳዶው መቆለፊያ ፒን) አዲስ ይሁን፤ የድሮውን አቃንቶ መመለስ ቁጠባ ሳይሆን ስንፍና ነው። ከዚያ ቀጥታ ወደ አላይመንት።

በአሮጌ ላንድክሩዘር ዓይነት መኪና የመሪ ሳጥኑን ማስተካከያ ቡሎን ማጥበቅ ያጓጓል። ከልክ ካለፈ ግን መሪው ይከብዳል፣ ከታጠፈም በኋላ ወደ ቦታው አልመለስም ይላል።