ቍጥሩና መልኩ

የኮምፒዩተር ፕሮግራም ወደ ዐረብኛ ሲመለስ፣ ቃላቱ ከተተረጐሙ ሥራው ሁሉ የተፈጸመ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን በዚህ ሙያ በቈየሁበት ዘመን ሁሉ ከቃል ይልቅ ያደከመኝ አኀዝ ስለ ሆነ፣ ስለ እርሱ ጥቂት ለመጻፍ ወደድሁ።

ዛሬ በየደብተራችን የምንጽፈውና «የዐረብ አኀዝ» የምንለው ከሕንድ ተነሥቶ በዐረብ ሊቃውንት እጅ አልፎ ወደ አውሮፓ የተሻገረው ነው፤ በካይሮ ወይም በባግዳድ ያለ ሰው ከልጅነቱ የለመደው ግን የዚሁ ወንድም የሆነ፣ መልኩ የተለየ ሌላ፣ ምሥራቃዊ የሚባል አኀዝ ነው። በእርሱ ዘንድ ዜሮ ነጥብ፣ አምስት ደግሞ ትንሽ ክብ ስለ ሆነ፣ ከእኛ አገር የሄደ እንግዳ በገበያ አምስት ተብሎ የተጻፈውን ዋጋ ዜሮ ብሎ ቢያነበው አይፈረድበትም። ሞሮኮ፣ አልጄሪያና ቱኒዚያ ደግሞ ያንኑ ዐረብኛ እየጻፉ በአኀዝ ግን ከእኛ ጋር ናቸው፤ ስለዚህ «ቋንቋው ዐረብኛ ነውና አኀዙ ይህ ይሁን» ብሎ መወሰን ስሕተት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ነጋዴ የሠራነው የእጅ ስልክ ፕሮግራም በአዲስ አበባ ሲፈተን ምንም እንከን አልተገኘበትም ነበር። በካይሮ ያለው ወኪሉ ስልኩን በግብፅ ዐረብኛ አድርጎ ሲሠራበት ግን፣ የዕለቱ ሽያጭ በትክክል ተመዝግቦ ሳለ ሲፈለግ የማይገኝ ሆነ። ሦስት ቀን ከመረመርን በኋላ እንደ ተረዳነው፣ ፕሮግራሙ ቀኑን ለዓይን በሚያሳይበት በምሥራቁ አኀዝ ወደ ዳታቤዙ ያስገባው ነበር፤ የሚፈልገው ክፍል ግን በእኛ አኀዝ ይፈልግ ነበርና ሁለቱ ሊገናኙ አልቻሉም። ጥፋቱ የእኛ የሠሪዎቹ ነበረ፤ የቍጥሩን ባሕርይ ከመልኩ ሳንለይ ሠርተን ነበርና።

ይህን ልዩነት ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስተምረን ይገባ የነበረው የገዛ ግእዛችን ነው። በ1999 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ፊደላችን ወደ ኮምፒዩተር የፊደላት መዝገብ፣ ወደ ዩኒኮድ ሲገባ 20 አኀዞቻችን አብረው ገብተዋል፤ ነገር ግን ዜሮ የላቸውም፣ አሥሩም መቶውም እልፉም የየራሳቸው ምልክት አላቸው፤ 2016ን ፳፻፲፮ ብለን የምንጽፈውም ስለዚህ ነው። የዐረቡን ምሥራቃዊ አኀዝ አንድ በአንድ በመለወጥ ማግኘት ሲቻል፣ የግእዙን ግን እንደ ገና አስልቶ ካልሆነ በቀር ማግኘት አይቻልም፤ ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሰው ይህን ያለ አስረጂ ያውቀዋል።

እንግዲህ በዚህ ሙያ የምትሰማሩ ወጣቶችን የምለምናችሁ ይህን ነው፦ ቍጥሩን በውስጥ በአንድ ቋሚ መልክ አኑሩት፣ የአገሩንም አኀዝ አንባቢው ፊት ሲደርስ ብቻ አልብሱት፤ ሰውየው በለመደው አኀዝ ሲጽፍላችሁም «የተሳሳተ ቍጥር» ብላችሁ አትመልሱት። ከሁሉ በፊት ግን ፕሮግራሙ የሚሄድበትን አገር ሰው ጠይቁ፣ የጻፋችሁትንም ቍጥር በፊታችሁ ያንብብላችሁ።