በአይሮፕላን ሲጓዙ የእጅ ስልክን ስለ መዝጋት

አዲስ አበባ የደረሰው የመጀመሪያው አይሮፕላን፥ ፖቴዝ የተባለው የፈረንሳይ ሥራ፥ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓመተ ምሕረት ያረፈው ከከተማው በስተምዕራብ በገፈርሳ ሜዳ ላይ ነበረ። እኛ የምንኖርበት የአየር ጤና ሰፈርም በዚያው በምዕራቡ በኩል ይገኛል። የዛሬው የሰፈራችን ሰው አይሮፕላን ለመሳፈር ወደ ቦሌ ሲሄድ ከታክሲው መነሻ አንሥቶ እስከ አይሮፕላን ማረፊያው ድረስ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ ይደርሳል። በታክሲ ውስጥ ይህን ማድረጉ ጎረቤቱን ያሰለች እንደ ሆነ እንጂ ሌላ ጕዳት የለበትም፤ ይህንኑ ልማድ ይዞ ወደ አይሮፕላን የገባ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ባለፈው ክረምት ከጎንደር በተመለስንበት ዕለት በአጠገባችን የተቀመጡ አንድ ባለሥልጣን፥ አይሮፕላኑ ወደ መንደርደሪያው ሲያመራ በስልክ ይነጋገሩ ነበረ። አስተናጋጇ አንድ ጊዜ፥ ኋላም ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ በትሕትና ለመነቻቸው። እርሳቸውም «ልጄ፥ ስልክ አይሮፕላን ሲጥል አይተሽ ታውቂያለሽ? የያዝሁት የመንግሥት ጉዳይ ነው» አሏት። ልጅቱ ዐንገቷን ደፍታ ሄደች፤ ይህን ያዩ መንገደኞችም የዘጉትን ስልክ መልሰው ከፈቱ።

የእኚህ ሰው ንግግር ግማሹ እውነት ስለ ሆነ እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። በመንገደኛ ስልክ ምክንያት ብቻ ወደቀ ተብሎ በማስረጃ የተረጋገጠ አይሮፕላን የለም። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽንም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1991 በአየር ላይ በእጅ ስልክ መነጋገርን ሲከለክል ያሰበው በምድር ላሉት የስልክ ማማዎች ነበረ። በምድር ያለ ስልክ የሚያገኘው በአቅራቢያው ያሉትን ጥቂት ማማዎች ነው፤ ከፍ ብሎ የሚበር ስልክ ግን ብዙዎቹን በአንድ ጊዜ ያያል፥ ርቀቱንም ለማሸነፍ ኀይሉን እስከ መጨረሻው ይጨምራል። የዱባዩ ኤሚሬትስ በመጋቢት ወር 2000 ዓመተ ምሕረት መንገደኞቹ በአየር ላይ እንዲነጋገሩ የፈቀደው፥ በአይሮፕላኑ ውስጥ ትንሽ ማሠራጫ ተክሎ ስልኩ ከእርሱ ጋር በዝቅተኛ ኀይል እንዲገናኝ ካደረገ በኋላ ነው። የአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤትም በጥቅምት ወር 2006 ስልኮች ሳይጠፉ እንዲቈዩ ለአየር መንገዶች መንገዱን ሲከፍት፥ በተለምዶ ኤርፕሌን ሞድ በሚባለው ሞገድ መላካቸው እንዲቋረጥ አዝዞ ነው።

የቀረው ግማሽ እውነት ይኸው ነው። ስልኩን ከራዲዮ አጠገብ ያስቀመጠ ሰው፥ ጥሪው ከመድረሱ በፊት ራዲዮው ድርር ድርር ሲል ሰምቶ ይሆናል። አብራሪውም ከበረራ ተቆጣጣሪው ጋር የሚነጋገረው በራዲዮ ነውና፥ እንዲህ ያለው ድምፅ ጆሮው ውስጥ ገብቶ አንዲት የከፍታ ቍጥር ቢሸፍንበት ምን ይሆናል? ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል፤ በስተሰሜን ያለው የእንጦጦ ተራራም ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ተራራውን በጋረደው ጊዜ አብራሪው የሚታመነው በመሣሪያውና በጆሮው ነው። አንድ ስልክ ምናልባት ምንም ላያደርግ ይችላል፤ የመቶ ሰው ስልክ የሚያደርገውን ግን ፈትኖ ማረጋገጥ የሚገባው አየር መንገዱ እንጂ መንገደኛው አይደለም።

እኛን ከሞገዱ ይልቅ የሚያሳስበን ባትሪው ነው። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓመተ ምሕረት «ንግሥተ ሳባ» የተባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድሪምላይነር፥ በለንደን ሂትሮው ሰው ሳይኖርበት ቆሞ ሳለ በስተኋላ ጣራው በኩል ተቃጠለ። የእንግሊዝ መርማሪዎች እሳቱ የተነሣው ከአደጋ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያው የሊቲየም ባትሪ መሆኑን፥ ሽቦዎቹም በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው እንደ ነበሩ ገለጹ። አይሮፕላኑ ተጠግኖ ወደ ሥራው ተመልሷል። ያ ባትሪ የስልክ አልነበረም፤ ሆኖም በየኪሳችን ያለው ዘመዱ ነው። ስለዚህ ትርፍ ባትሪና ፓወር ባንክ ከሻንጣ ጋር አይጫኑም፥ ከባለቤታቸው ጋር ይሆናሉ እንጂ። ስልክም በወንበሮች መካከል የወደቀ እንደ ሆነ ወንበሩን ሳያንቀሳቅሱ አስተናጋጅ መጥራት ይገባል፤ ወንበሩ የጨፈለቀው ባትሪ ሊቃጠል ይችላልና።

ይህን ሁሉ የሚነግሩን አስተናጋጆች ናቸው፥ ቃላቸውም የካፒቴኑ ቃል ነው። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ «ተንሥኡ» ባለ ጊዜ መኰንኑም ሊቁም ይነሣል፤ ዲያቆኑ ልጅ ነው ብሎ ተቀምጦ የሚቀር የለም። በአይሮፕላን ውስጥ ግን ማዕርግ ያለው ሰው ከትእዛዙ በላይ የሆነ ይመስለዋል፥ ታናሹም እርሱን አይቶ ይከተላል።

እኚያ ባለሥልጣን ቦሌ ስንደርስ፥ ገና ጎማው መሬት ሳይነካ፥ ስልካቸውን እንደ ገና ወደ ጆሯቸው አስጠጉ። ለመስማት ፈልገን ሳይሆን ከቅርበታችን የተነሣ የመንግሥቱን ጉዳይ ሰማን። «መኪናው መጥቷል ወይ?» ይሉ ነበረ።