ዕዳው እስኪያልቅ ልጅ ይጠብቃል?

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ከእንቅልፌ ስባንን ባለቤቴ አጠገቤ የለም። ብወጣ በረንዳ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ኩርምት ብሏል። «ምን ሆንክ?» አልኩት። «ምንም፤ ሞቆኝ ነው» አለኝ። ልብ በሉ፣ ጎንደር ነን፤ ወሩ ደግሞ ኅዳር! እንዳመንኩት መስዬ ተመልሼ ተኛሁ። መተኛት ከተባለ ማለቴ ነው። እሱ በረንዳ ላይ ሆኖ ይቆጥራል፤ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ እቆጥራለሁ። ሁለታችንም የምንቆጥረው ያንኑ ዕዳችንን ነበር። ይህ የሆነው በ2017 ዓ.ም. ነው።

አንባብያን ሆይ፣ ይህችን ጽሑፍ የማቀርብላችሁ ሐኪም ወይም የባንክ ባለሙያ ሆኜ አይደለም። በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የሰውን ገንዘብ ሳንቲም ሳላዛንፍ እደምራለሁ፤ የገዛ ቤቴን ዕዳ ግን ሁለት ዓመት ያህል ለመደመር ፈርቼ ኖሬያለሁ። አይ የሒሳብ ሠራተኛ!

የተጋባነው በጥር 2015 ዓ.ም. ነው። የጎንደርን ሠርግ ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ዳሱ፣ በሬው፣ ቪዲዮው፣ የመኪናው ሰልፍ... «የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ይድመቅ» ያላለን ዘመድ አልነበረም። ያን ጊዜ ባለቤቴ እንግዶችን ወደ ሰሜን ተራሮች እያመላለሰ ደህና ገቢ ያገኝ ነበር። በዓመት ውስጥ ከፍለን እንጨርሳለን ብለን ተበደርን። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በክልላችን ውጊያው ሲበረታ መንገዱ ተዘጋ፣ እንግዳው ቀረ። በሐምሌ 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና ዘይቱም ምኑም ወደ ላይ ተተኮሰ። ገቢ ይቀራል፤ ዕዳ ግን ቀጠሮውን አያዛንፍም።

ከብድሮቻችን አንዱ በቡድን ዋስትና የተወሰደ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ለሥራ ማስፋፊያ ብለን ወስደን ለድግስ ያዋልነው ነው። በቡድን መበደር በአገራችን ብዙ ሰው ረድቷል። በ1988 ዓ.ም. የአነስተኛ ብድር ተቋማት አዋጅ ከወጣ ወዲህ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ፀደይ ባንክነት የተሸጋገረው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ቤትም ካርታም የሌለው ገበሬ በጎረቤቱ ዋስትና እንዲበደር አድርጓል። እኛ ከሌላ ቤት ነው የወሰድነው፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። በእንዲህ ያለው ብድር የሚያዘው መያዣ ፊትሽ ነው። ካልከፈልሽ ጎረቤትሽ ይከፍላል፤ ጎረቤትሽን ደግሞ በየቀኑ ታገኛታለሽ።

በቅዳሜ ገበያ መንገድ

አንድ ቀን ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ ስወርድ ከቡድናችን አባላት አንዷን ከሩቅ አየኋት። እሷ እኔን አላየችኝም። ልቤ ግን ድው ድው ማለት ጀመረ፤ መዳፌ በላብ ተነከረ፤ ትንፋሽ አጠረኝ። «አበቃልኝ!» ብዬ አንድ ሱቅ ደጃፍ ደረጃ ላይ ዘጭ አልኩ። ሲያልፍልኝ በጓሮ ዞሬ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ገበያ በወጣሁ ቁጥር መዞር ልማዴ ሆነ። አሥር ደቂቃ የነበረው መንገድ ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

ልብ በሽታ ነው ብዬ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ መጀመሪያ የዳሰሰው አንገቴን ነው። ለካስ ነገር አለው! በደጋው አገራችን በአዮዲን እጥረት የሚመጣው እንቅርት የተለመደ ነው፤ ያ ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ልክ እንደ ጭንቀት ልብ ያስመታል፣ ያልባል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። ደም ማነስም ልብ ያስመታል። እናም «ጭንቀት ነው» ከመባሉ በፊት እነዚህ ይታያሉ። የኔ ሁሉም ደህና ሆነ። «ልብሽ ጤነኛ ነው። ለመሆኑ ምንድን ነው የሚያሳስብሽ?» ሲለኝ ዕንባዬ ዝርግፍ አለ።

ያስረዳኝን ልንገራችሁ። እንዲያ ያለው ድንገተኛ ፍርሃት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና በራሱ ይበርዳል እንጂ አይገድልም። በመጣ ጊዜ አየሩን ከምታስገቢው ይልቅ የምታስወጪውን ማርዘም ይረዳል። መሸሽ ግን ያባብሰዋል፤ በጓሮ በዞርኩ ቁጥር አካሌ «መንገዱ በእርግጥም አደገኛ ነው» ብሎ ይማራል። በመጨረሻ «ቡና ስንት ትጠጫለሽ?» አለኝ። ከአቦል እስከ በረካ፣ ጠዋትና ማታ! ቡና ልብ የሚያስመታ ነገር እንደያዘ እያወቅሁ፣ እንቅልፍ አጣሁ ብዬ በላዩ ላይ ቡና እጨምር ነበር። የማታውን ተውኩ። ጎረቤቶቼ ተቀየሙኝ፤ ቁጭ ብዬ ፈንዲሻ እበላለሁ ብዬ አስታረቅኳቸው።

ፀበልም ተጠምቄያለሁ፤ ሐኪሙም አልተቃወመኝም። አደጋው መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ፀበል ገባሁ ብሎ በገዛ ፈቃዱ ኪኒኑን ሲያቋርጥ ነው። በተለይ ለማርገዝ የምታስብ እኅቴ፣ የጭንቀትም ሆነ የሌላ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ አስቀድመሽ ለሐኪምሽ ንገሪው፤ ለጽንስ የማይስማማ አለና ይለውጥልሻል። ጭንቀቱ ከሥራ የሚያስቀር ወይም «ሞቴን በመረጥኩ» የሚያሰኝ ከደረሰ ቀጠሮ የሚያስተላልፉበት ጉዳይ አይደለም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ እዚያ መታየት እብድ አያሰኝም።

ደብተሩ ሲከፈት

ከሐኪም ቤት በመጣሁ ማታ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ገዝቼ ገባሁ። «የዕዳችንን ድምር ገምት» አልኩት። «90 ሺህ» አለ። እኔ በልቤ ከ200 ሺህ በላይ ነበር የማስበው። እንጻፍ ተባባልን። የቡድኑ ብድር 48,000 ቀርቶታል። ዕቁቡ 36,000። ዕቁብ ዕዳ የማይመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ ዕጣው ቀድሞ ወጥቶ ከተበላ ቀሪው ወር ሁሉ ዕዳ ነው። ዳባት ያሉት አጎቱ ለሠርጉ የሰጡን የበሬ ዋጋ 30,000።

እዚህ ላይ ብዕሬን ላስቀምጥ ስል ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ባለ ሱቁ ጋ 7,400 አለብኝ» አለ። እኔ አላውቅም ነበር! ልቆጣ አፌን ከከፈትኩ በኋላ የራሴ ትዝ አለኝ። በ2014 መጨረሻ በቴሌብር «መላ» የተባለው ብድር ከመጣ ወዲህ ለመበደር ዋስም ፊትም አያስፈልግም፤ ስልክ ይበቃል። እኔም ተደብቄ የወሰድኩት 2,600 ብር ነበረብኝ። ተናዘዝኩ። ድምሩ 124,000 ሆነ። እሱ ከገመተው በለጠ፤ እኔ ከፈራሁት ግን አነሰ። ባለቤቴ ያን ሌሊት በረንዳ አልወጣም።

መደበቁ በሕግም ቢሆን አያዋጣም። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንደኛው ተጋቢ በግሉ የገባው ዕዳ መጀመሪያ ከግል ንብረቱ እንዲከፈል፣ ያ ካልበቃ ደግሞ ከጋራው እንዲወሰድ ይፈቅዳል። ለትዳሩ ጥቅም የተገባው ደግሞ ያለ ክርክር የሁለቱም ነው። ክልላችን የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ ጉዳይ ያለበት ሰው የሕግ ባለሙያ ቢጠይቅ ይሻላል። የኔ ነገር ግን ይህ ነው፦ የተደበቀችው ዕዳ ዞራ ከዚያው ከጋራው ሌማት ትበላለች።

የሁለታችን ገቢ በወር 15,500 ያህል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከደመወዝ ላይ የሚቆረጠው በአንድ ጊዜ ከሲሶ መብለጥ የለበትም ይላል፤ እኛም ያንን ልኬት ለቤታችን ወሰድነው። ሲሶው 5,100 ብር ገደማ ነው፤ ለዕቁብና ለብድሩ የምንከፍለው ግን 6,000 አልፏል። አበዳሪዎቻችን ዘንድ ቀርበን ጊዜው ወደ 24 ወር እንዲራዘም ጠየቅን፤ ተፈቀደልን። ወለዱ በድምሩ ይጨምራል፤ የወሩ ግን ከነወለዱ ወደ 2,300 ወረደ። ሳንቀር ከምንጠፋ ቀርበን መጠየቃችን ነው ያዋጣን። ከዕቁቡ 3,000 ጋር ሲደመር ከሲሶው በጥቂቱ ብቻ አለፍ ይላል። የሠርጌን የአንገት ሀብል ሸጥኩና ሱቁን፣ ስልኩንና የአጎቱን ግማሽ ዘጋሁ። ስሸጠው አለቀስኩ፤ አልዋሽም። አንድ ወዳጃችን «ከአራጣ አበዳሪ ወስዳችሁ ሁሉን ባንዴ ዝጉት» ብሎን ነበር። አራጣ ማበደር በወንጀል ሕጉ የሚያስቀጣ ወንጀል መሆኑ ይቅርና፣ ዕዳን በአራጣ መዝጋት እሳትን በጋዝ እንደማጥፋት ነው።

ደብተሩ በሳምንት ሁለት ማታ፣ ከእራት በኋላ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ይከፈታል። ሌሊት ሐሳብ ሲመጣ «ማክሰኞ ማታ» ብዬ አሳድረዋለሁ። እንደ ቀልድ ነው የጀመርኩት፤ እየዋለ እያደረ ግን ሠራ።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል»

መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ሰሞን፣ በ2017 የገና በዓል፣ ከዳባት ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የባለቤቴ አገር ወጣን። ገብሱ ታጭዶ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አማቴ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ምነው ልጀ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ትጠብቂያለሽ? ዓይኔ ሳይጠፋ ልየው እንጂ!» አሉኝ። አቀረቀርኩ። ባለቤቴ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ «እማ፣ ዕዳ አለብን» አላቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። አማቴ ሳቁ። «ዕዳ የሌለበት ማን አለ? አንተን ስወልድ አባትህ የተዝካር ዕዳ ነበረበት። ልጅ በዕድሉ ያድጋል!» አጎትየው ደግሞ፣ የቀረውን የበሬ ዋጋ ሲመቻችሁ ታመጣላችሁ አሉን። ሁለት ዓመት ሙሉ እሳቸውን ፈርተን ዳባት ሳንረግጥ ቀርተን ነበር!

ወደ ጎንደር ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ስለዚያ አባባል ተከራከርን። አማቴ በእሳቸው አገር ልክ ናቸው። እዚያ የሰባት ዓመት ልጅ በግ ይጠብቃል። እዚህ የሰባት ዓመት ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ደብተርና ጫማ ይፈልጋል። ደግሞም በ1989 ዓ.ም. በክልሉ መሬት ሲደለደል ለቤተሰቡ የደረሰው ማሳ ለአምስት ወንድማማች ስለማይበቃ ነው ባለቤቴ መጀመሪያ ወደ ከተማ የወረደው። በሌላ በኩል ግን «ዕዳው ሙልጭ ብሎ ይለቅ» ብለን ብንጠብቅ ከዚያ በኋላ የቤት ኪራይ፣ ከዚያ የመኪና ጥገና ይመጣል። ዕዳ ከሜዳ ነውና አያልቅም። ታዲያ ጥያቄያችንን ለወጥነው። የትኛው ዕዳ ሲያልቅ ነው ለልጅ ቦታ የሚለቀቀው?

ወጪውን በደብተሩ ላይ ስንጽፍ የገረመን ነገር አለ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል፣ ማዋለድና ክትባት በነጻ ነው። የመጀመሪያው ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለምንቀጠር ሴቶች ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ አለን። ከባዱ ነገር የሚመጣው ፈቃዱ ሲያልቅ ነው፤ ሞግዚት። የሞግዚቷ ደመወዝ ደግሞ 3,000 ብር ግድም ነው ብለን ስንጽፍ ተያየን። የዕቁቡ ገንዘብ! ዕቁቡ የሚያልቀው ኅዳር 2018 ነበር። ስለዚህ ለማርገዝ የምንጀምረው ከዚያ ወዲያ ሆነ። እኔ ያን ጊዜ 29 ዓመቴ ነበር፤ አንድ ዓመት መጠበቅ የሚያስቀርብኝ ነገር የለም።

ቀጠሮ የምትይዙ ካላችሁ ይህን ልብ በሉ። መከላከያ መካን ያደርጋል የሚባለው ሐሰት ነው። ይሁን እንጂ የሦስት ወሩ መርፌ ከቆመ በኋላ ለማርገዝ 9 ወይም 10 ወር ሊዘገይ ይችላል፤ ሉፕና በክንድ የሚቀበረው ግን በወጡ ሰሞን ማርገዝ ይቻላል። እኔ የክንዱን ነው የያዝኩት። ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚን በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከማርገዝ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ መጀመር ያስፈልጋል። የጽንሱ አከርካሪ የሚዘጋው በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት፣ ብዙዎቻችን ማርገዛችንን ሳናውቅ ነውና።

ዕቁቡ በኅዳር አለቀ። የቀረብን ዕዳ 39,000 ነው፤ 24,000 ለብድሩ፣ 15,000 ለአጎት። በታኅሣሥ የክንዴን መከላከያ አስወጣሁ። ልቤ አሁንም አንዳንዴ ድው ድው ይላል፤ ቅዳሜ ገበያ ግን በዋናው መንገድ ነው የምወርደው። ያቺን ሴትዮ ሁለት ጊዜ ሰላም ብያታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከዳባት አንድ ዘመድ ቅቤና የገብስ ዱቄት ይዞ መጣ። «ለገንፎ ነው በላት ብለውኛል» አለ። ገና አላረገዝኩም! ባለቤቴ ደብተሩን አወጣና ከዕዳው ገጽ ፊት ለፊት ባዶ በነበረው ቅጠል ላይ «ቅቤ፣ 3 ኪሎ፣ ከእማ» ብሎ ጻፈበት።